ለሞቱት አቤት ስንል ኖርን

ቤቱ ሰባት አልጋ ነበረው። ሰባቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከተራ አልጋ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ነበር የሠራኋቸው፤ አስታማሚዎቹ ሰው ሲያገላብጡ ወገባቸው እንዳይቆረጥ ብዬ። በመስኮቱ በኩል ያለው የእህቴ ነበር፣ የእትዬ። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ሰባ አራት ሞልቶኝ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ ዛሬም «ትንሹ» ነው የምትለኝ።

እትዬ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። እኔ የምኖረው ከአናጢ ሱቄ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው፣ በእንጨት መሰላል የሚወጣባት። ብቻዬን ላነሣት አልችልም፤ ወገቤም እጄም ከድተውኛል። ያ ቤት ከተዘጋ የእህቴ ገላ ይቆስላል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ስነግራችሁ ይቺን አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።

ማኅበሩን ያቋቋምነው የጡብ ፋብሪካው ሲዘጋ ነው። መቶ አሥራ ስምንት ነበርን። አብሮን ሲለፋ የኖረ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጣ ማየት መረረንና የፋብሪካውን አሮጌ መጋዘን ለምነን ወሰድን። አጠብነው፣ ቀባነው፣ አልጋ አስገባንበት። ደንቡን የጻፈልን ጸሐፊያችን ነው፤ በፋብሪካው ከሥራ በኋላ ፊደል ያስቆጠረን መምህር። በቀይ ካልጻፈ የጻፈ አይመስለውም፤ ስለዚህ «ቀይ እስክሪብቶ» እንለዋለን። እኔ ዛሬ ይቺን የምሞነጫጭረው ከሱ በተማርኳት ነው።

አሁን ስለ «አቤት» ልንገራችሁ። ፋብሪካው በር ላይ ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራ ነበር። ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ቀኑ ተበላ። ታዲያ አንዱ ልጁ ታሞበት፣ አንዱ እግሩን አሞት ትንሽ የዘገየ እንደሆነ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ድምፁን ለወጥ አድርጎ «አቤት!» ይልለታል። ሁላችንም ብለናል፣ ለሁላችንም ተብሎልናል። ማኅበሩም ሲመሠረት በየስብሰባው ስም ይጠራል፤ ለምደነዋላ።

የመጀመሪያው ሰው የሞተብን ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ሳያስበው ስሙን ጠራው። ሟቹ ጡብ ደርዳሪ ነበር፣ ረዥም፣ ሳቂታ።  ከዚያ ሃያ ዓመት አብሮት ጡብ ሲደረድር የኖረው ጓደኛው ከኋላ ወንበር «አቤት!» አለ። ሳቅን፣ ወዲያው ደግሞ ተላቀስን። ቀይ እስክሪብቶም «ተገኝቷል» ብሎ ምልክት አደረገበት።

ከዚያ ወዲያ ከዝርዝሩ ማንም አልተሰረዘም። ማን ጨክኖ ይሰርዛል? ሰው በሞተ ቁጥር አቤት የሚልለት ይመደብለታል። ኋላ ኋላማ እኔ ብቻዬን ለአራት ሰው አቤት ባይ ሆኜ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ፣ ቀልደኛው ወዳጃችን፣ «የኛ ሙታን ከቋሚዎቹ ይሻላሉ፤ አንድም ስብሰባ ቀርተው አያውቁም» ይል ነበር። እትዬ አቤት የምትለው ለባሏ ነበር። እሷ ጭቃ አቡኪ፣ እሱ የምድጃው እሳት ጠባቂ ነበሩ፤ «እሳቱ» ነበር የምንለው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

አዲሱ ሕግ የወጣው በዚህ መሀል ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ሁሉ እንደገና ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ይፈርሳል፣ ንብረቱም ተመሳሳይ ሥራ ላለው ሌላ ድርጅት ይተላለፋል ተባለ። ማኅበራትን በነጻ የምታማክር አንዲት የሕግ ባለሙያ መጣችልን። ልጅ ናት፤ የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ከአልጋዎቹ መሀል ቆማ፣ አንዷን በሽተኛ ትራሷን እያቃናችላት፣ ቀስ አድርጋ አስረዳችን።

«የአባላት ዝርዝር፣ የተሻሻለ ደንብ፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ፤ የሚፈለገው ይኸው ነው» አለች።

«ቃለ ጉባኤስ ሞልቶናል» አለ ቀይ እስክሪብቶ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ከማስገባታችሁ በፊት እኔ ልየው። አደራ፣ አባቶቼ። መዝገቡ የሚለውና እውነቱ ካልተገጣጠመ እነሱ አይምሩም።»

እሺ አልናት። ደጁን ስትወጣ ቀይ እስክሪብቶ ወደኔ ዞረ። «አርባ ዓመት የሰው ደብተር ሳርም ኖሬ፣ በስተርጅና ደብተሬን ለዚች ጨቅላ ላሳርም?»

«ምን አለበት፣ ትየው» አልኩት።

«አንተ ሚስማርህን ምታ!»

ሳያሳያት አስገባው። እኔም አፌን ያዝኩ። ጽሑፉ እኮ ሲያምር! መስመሩ ዝንፍ አይል፣ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። ልጆቼ፣ ውሸት የጻፍን አልመሰለንም። ይቺን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አላመነልንም።

በሦስተኛው ሳምንት ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ተጠራን፤ ቀይ እስክሪብቶ፣ ጸጉር አስተካካዩና እኔ። ተራ ቁጥር ይዘን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥን። የጠራን መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለኔ ወንበር የሳበልኝ እሱ ነው። መዝገባችንን ገለጠ።

«በመጨረሻው ስብሰባ መቶ አሥራ ስድስት ሰው ተገኝቷል ይላል።»

«አዎን» አለ ቀይ እስክሪብቶ።

«ሃያ ቤት ደወልኩ። አሥራ ሦስቱ ሞተዋል ተባልኩ።»

«ልጄ፣ የቀሩትን ሰባቱንም ደህና አድርገህ ጠይቅ፤ እኛም አላመንናቸውም» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ሰውየው አልሳቀም። «ድምፅ ሰጥተዋል እኮ! በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ይላል። የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ነው እጁን የሚያወጣው?»

ቀይ እስክሪብቶን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ተማሪ መሰለ። «እነሱ አያወጡም» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ ነን የምናወጣላቸው።»

«አባቴ፣ ይህ በሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ነው የሚባለው።»

ደብዳቤ ሰጠን። በስልሳ ቀን ውስጥ፣ በዝርዝሩ ካሉት አባላት ከግማሽ በላይ በአካል የተገኙበት ጉባኤ፣ የመሥሪያ ቤቱ ታዛቢ ባለበት ይደረግ። ያ ካልሆነ ማኅበሩ ይፈርሳል። ከታች ደግሞ በደማቁ፦ በሌላ ሰው ስም አንድ ምላሽ እንኳ ቢሰጥ መዝገቡ በዚያው ይዘጋል።

ወደ ባለሙያዋ ሮጥን። አልተቆጣችንም። «ለምን አላሳያችሁኝም?» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ።  ከዚያ ወረቀት አውጥታ መቁጠር ጀመረች። በሕይወት ያለነው አርባ አንድ። ለመቶ አሥራ ስምንት ከግማሽ በላይ ማለት ስልሳ ሰው ነው። ሙታኑን እንሰርዝ ብንል፣ አባል የሚሰረዘው በጉባኤ ነው ይላል ደንባችን፤ ጉባኤው ደግሞ በሙታኑ ምክንያት አይሞላም።

«አንቀጽ አሥራ ሁለትን እንደዚህ አድርጎ ያጠበቀው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ቀይ እስክሪብቶ። «ማንም ማንንም በጥላቻ እንዳያስወጣ ብዬ ነው።»

አንድ ቀዳዳ አገኘችልን። የሞት ምስክር ወረቀት የቀረበለት ሰው ያለ ጉባኤ ይወጣል። ስለዚህ ተነሡ፣ ሰብስቡ አለችን።

ሽማግሌ ሁሉ በየፊናው ወጣ። ስልሳ ቀን ሙሉ የሙታን ደጅ ስንጠና ከረምን። ለወረቀቱ የቅርብ ዘመድ ቀርቦ መፈረም አለበት፤ ስንቱን ቤት አንኳኳን መሰላችሁ። አንዷ ሚስት ቅጹን አይታ «አሥራ ስድስት ዓመት አቤት ስትሉለት ኖራችሁ አሁን ልትገድሉት መጣችሁ?» ብላ በሩን ዘጋችብን። አንዱ ልጅ አባቱ የማኅበር አባል መሆኑን ከኛ ሰማ፤ ቁጭ ብሎ ስለ አባቱ ስናወራለት ዋልን። ዘር የሌላቸው ነበሩ፤ ለነሱማ ማን ይፈርም? በመጨረሻ አርባ አምስት ወረቀት ሰበሰብን። ዝርዝሩ ወደ ሰባ ሦስት ወረደ።

«ሠላሳ ሰባት ሰው ያስፈልገናል» አለች ባለሙያዋ።

ከአርባ አንዳችን አምስቱ ልጆቻቸው ጋር ሩቅ አገር ገብተዋል። በእግሩ መጥቶ የሚቀመጥ ሠላሳ አምስት ሰው አለ። ከተኙት ደግሞ አባል የሆነችው እትዬ ብቻ ነች። ሠላሳ ስድስት።

«አንድ ጎደለን» አልኩ።

«አልጎደለንም» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ከአምስቱ አንዱ ያማቴ ልጅ ነው፤ አንቄ አመጣዋለሁ።» አመጣውም፤ በሌሊት አውቶቡስ፣ ኩላሊቱን እያመመው። ሠላሳ ሰባት ሞላን። ከዚያ ውስጥ ግን አንዷ እትዬ ነበረች፤ ያለ እሷ አይሞላም።

አሁን የኔ ጥፋት ይመጣል፤ ታገሡኝ።

የእሳቱ የሞት ወረቀት አልወጣም ነበር። የሚስቲቱ የጣት አሻራ ያስፈልጋል። ባለሙያዋ ቅጹን ሰጠችኝ፣ ቀለምም ይዤ ሄድኩ። እትዬ አንዳንድ ቀን ልቧ እዚህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሌላ ዘመን ውስጥ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ቀለሙን በእጄ ይዤ ሳያት ፈገግ አለችና «ትንሹ፣ እሳቱ ምሳውን ረስቶ ሄደ፤ አድርስለት እንጂ» አለችኝ።

ልጆቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እጇን ይዤ፣ ባልሽ ሞቷል፣ እዚህ ላይ አትሚ ልበላት? ስንት ደጅ ሄጄ ስንቱን ያስፈረምኩ ሰው በእህቴ አልጋ አጠገብ ቀለሙን መልሼ ከደንኩ። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ባለሙያዋን ጠየቅኳት። «እስቲ ቁጠሪልኝ። እሳቱ ከዝርዝሩ ባይወጣ ስንት ሰው ይፈለጋል?»

«ከሰባ ሦስት፣ ሠላሳ ሰባት።»

«ቢወጣስ?»

ወረቀቱ ላይ ቀንሳ አየች። «ከሰባ ሁለትም ከግማሽ በላይ ሠላሳ ሰባት ነው። ልዩነት የለውም። ግን አባባ፣ ቢወጣ ይሻላል።»

«ልዩነት ከሌለው ይቅር» አልኳት።

ቁጥሩ ነው የሸነገለኝ።

ጉባኤውን እዚያው ቤት አደረግነው። አልጋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ አግዳሚ ደረደርን። ባለ መነጽሩ ታዛቢ ሆኖ መጣና ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ተቀመጠ። ባለሙያዋ በየሰዉ ጆሮ እየሄደች «ለሞተ ሰው ማንም እንዳይመልስ፣ አደራ» ትላለች። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣውን አፉ ላይ አሰረና «እኔን እንኳ እመኚኝ» አላት በእጁ ምልክት። እኔ ከእትዬ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። የዚያን ቀን ልቧ እዚህ ነበር፤ አስታማሚዋ ጸጉሯን አበጥራላታለች።

«እትዬ፣ ያንቺ ስም ሲጠራ ብቻ ነው እሺ?»

«አውቃለሁ። ሞኝ አደረግከኝ እንዴ፣ ትንሹ?»

ቀይ እስክሪብቶ መጥራት ጀመረ። የቋሚ ስም ሲጠራ «አቤት» ይባላል። የሟች ስም ሲጠራ ዝም። ያን ዝምታ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሃያ ስንት ዓመት አንድም ስም ወድቆ ቀርቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰማናቸው። የጡብ ደርዳሪው ጓደኛ ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መሀል ቀበረ። እኔም አቤት ከምልላቸው ከአራቱ ወዳጆቼ ሁለቱ ዝርዝሩ ላይ ቀርተው ነበር፤ ስማቸው ሲጠራ ምላሴን ነክሼ ደም ደም አለኝ።

የእትዬ ስም ተጠራ።

«አቤት!» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

ሠላሳ ሰባተኛዋ እሷ ባትሆንም ለኔ እዚያ ላይ የሞላ መሰለኝ። እፎይ አልኩ። እንባዬን ልጠርግ ብዬ እጇን ለቀቅኩት።

እሷና ባሏ በአንድ ቀን፣ አከታትለው ነበር የተመዘገቡት። ቀይ እስክሪብቶ ቀጥሎ የእሳቱን ስም ጠራ። ዝም። እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ያሉትን አየች፣ አንድ በአንድ፣ አብሯት የኖረ ሰው ሁሉ ድንገት እንደከዳት ሆና።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። እጄን ወደ አፏ ስሰድ አልደረስኩም። «አቤት!»

ቀይ እስክሪብቶ መዝገቡን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣውን ከአፉ ፈታ። ባለ መነጽሩ ከጥግ ተነሥቶ ወደ አልጋዋ መጣ። በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«መጣሁ ብሏል» አለችው። «ምድጃውን እያየ ነው።»

ባለሙያዋ ዘልላ መሀል ገባች። «እባክህ፣ ታማሚ ናቸው። የሚናገሩትን አያውቁም። ይሄ እንደ ምላሽ ሊቆጠር አይገባም!»

ባለ መነጽሩ እሷንም፣ እትዬንም፣ እኔንም አየን። ፊቱ ልክ እንደኛ ገርጥቶ ነበር። «የሚናገሩትን የማያውቁ ከሆነ» አለ፣ «ለራሳቸው የመለሱትም አይቆጠርም። ያኔ ሠላሳ ስድስት ናችሁ። የሚያውቁ ከሆኑ ደግሞ ለሟች መልሰዋል። ወይ ይሄ ነው ወይ ያ ነው። እኔ ምን ልጻፍ? ንገሪኝ፣ ምን ልጻፍ?»

 እስክሪብቶዋን ከፈተችው፣ ከደነችው፣ ከፈተችው። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያቺን አንዲት ጣት አስነክቼ ቢሆን ኖሮ ያ ስም አይጠራም ነበር።

ማኅበሩ ፈረሰ፤ በወሩም የንብረት አጣሪ መጣ። አልጋዎቼ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው። ማዶ ላለው ትልቅ ድርጅት ተላለፉ፤ እነሱ የብረት አልጋ ነበራቸው። አንድ ቀን ልየው ብዬ ሄድኩ፤ አልጋዎቼ ግቢ ውስጥ ተደራርበው ዝናብ ይመታቸዋል። ከሰባቱ ሰዎች ድርጅቱ ሁለቱን ወሰደ። ለእትዬ «ቦታ ሲገኝ እንጠራለን» ተባልኩ። ከቀሩት አራቱ ሦስቱን ቀብረናል። ቀይ እስክሪብቶ ከቤቱ አይወጣም፤ ሄጄ ባንኳኳ በሩን አይከፍትም፣ ሲያስለው ግን እሰማዋለሁ።

ማኅበር ልታቋቁሙ ያሰባችሁ ልጆች ካላችሁ የምመክራችሁ ብዙ የለኝም። ከምትመክራችሁ ሰው መዝገባችሁን አትደብቁ። ሰው ሲሞት በዓመቱ ሳይሆን በሳምንቱ ሰርዙት፣ ወረቀቱንም ያኔውኑ አውጡ፤ ለቅሷችሁን ቤታችሁ ገብታችሁ አልቅሱ። እኛ ዝርዝሩ ላይ ነው ያለቀስነው። ይህንን ስላችሁ የምታደርጉት አይመስለኝም። እኔም ዛሬ ቢሆን አላደርገውም፤ እሱ ነው ተስፋ የሚያስቆርጠኝ።

እትዬ አሁን ሱቄ ውስጥ ነች፣ እንጨት የምልግበት ጠረጴዛ ላይ ፍራሽ አንጥፌላት። ባለሙያዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታግዘኛለች። በሌላው ቀን ብቻዬን ነኝ። ዳሌዋ ላይ ቆስሏል፤ እንደ ሳንቲም የጀመረው የመዳፌን ያህል ሆኗል።

ትናንት ጠዋት ዓይኗን ገልጣ «ትንሹ፣ ስም ተጠራ?» አለችኝ።

«ተጠርቷል፣ እትዬ።»

«ለእሳቱ ማን አለለት?»

«እኔ ብዬለታለሁ።»

«ለኔስ?»

«ላንቺም እኔ።»

«ጎሽ» አለች። ወዲያው ፊቷ ጨምደድ አለ። «በል እንግዲህ አገላብጠኝ፤ ወዲህ በኩል አቃጠለኝ።»

ክንዴን ከወገቧ ሥር አስገባሁ። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አልተነሣችልኝም።